«ፍሬን በጥሶ» ከማለታችን በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጭነት ትራንስፖርት ሲዘገብ ዘወትር የምናነበው የተሽከርካሪ ብዛትና የመንገድ ርዝመት ነው። ሁለቱም ለሰሜን ሸዋ መንገድ ብዙ አይነግሩም። በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ደሴ በሚዘልቀው መስመር ላይ ሚኒባሱም፣ 400 ኩንታል የጫነው ባለተሳቢም በቆጠራ አንድ አንድ ናቸው። ለአስፋልቱ ግን አይደሉም።

አስፋልት የሚጎዳው በአክስል ክብደት፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ በሚያርፈው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው ትልቁ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ ጉዳቱ የሚያድገው በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ (ክብደት × ክብደት × ክብደት × ክብደት) ነው። ለ10 ቶን የታሰበ አክስል 12 ቶን ቢያርፍበት ክብደቱ በ20 በመቶ፣ ጉዳቱ ግን በእጥፍ ይጨምራል፤ 15 ቶን ቢያርፍበት 5 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ጠቅላላውን ብቻ መመዝገብ አይበቃም። ጠቅላላው በልኩ ሆኖ ጆንያው ወደ ኋላ ስለተከመረ ብቻ የኋላው አክስል ከልክ ያልፋል። ይህ ከመነሻው፣ ገና ሲጫን የሚስተካከል ነገር ነው።

ከአክስሉ የባሰው ቁልቁለቱ ነው። የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና እነዚህን 1,700 ሜትሮች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን ወደ 2,000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሹፌር ሁሉንም የፍሬኑ ሸራ ላይ ይጥለዋል። ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ያኔ ዘግይቷል። ማርሽ ዝቅ የሚደረገው ከዋሻው እንደተወጣ፣ ፍጥነቱ ገና ሳይጨምር ነው፤ ፍሬኑም ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ የለበትም።

የአደጋ ዜናው ግን «ፍሬን በጥሶ» ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም፤ የጋለ እንጂ። መዝገቡ ላይ የጭነቱ ክብደት፣ የማርሹ ቦታና አደጋው ከቁልቁለቱ መጀመሪያ በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደደረሰ ቢጻፍ የፍሬን ማቀዝቀዣ መቆሚያ የት እንደሚያስፈልግ ራሱ ያሳያል።

ለኢኮኖሚው ደግሞ መለኪያው ቶን ኪሎ ሜትር (የጭነቱ ቶን በተጓዘው ኪሎ ሜትር ተባዝቶ) ይሁን። 300 ኩንታል ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 3,900 ቶን ኪሎ ሜትር ነው። ባዶውን ሲመለስ ዜሮ ነው፤ ነዳጁ ግን ዜሮ አይደለም፣ ኪራዩም ላይ ይታሰባል። (የቢራ መኪኖች ባዶ ጠርሙስ ይዘው ስለሚመለሱ በዚህ ይለያሉ።)

የተሽከርካሪ ቆጠራውም ለ7 ተከታታይ ቀናት፣ ሌሊቱን ጨምሮ ይደረግ፤ አንዴ እህል በሚጓጓዝበት በጥር፣ አንዴ የጣርማ በር ጉም መንገዱን በሚሸፍንበት በክረምት። የጫነና ባዶ መኪናም በየአቅጣጫው ተለይቶ ይመዝገብ።

የመንገድ ትራንስፖርት ባለሙያዎች
ከደብረ ብርሃን