ፉርጎ ፍለጋ፦ የሞዴል ባቡር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሞዴል ባቡር ክበባችን ዘንድሮ አንድም ሎኮሞቲቭ አልገዛም። ይህን ስንወስን ያኮረፉ አባላት ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ ሎኮሞቲቭ ሞተር አለው፣ መብራት አለው፣ ጭስ የሚያወጣም አለ። እኔ ግን የዘንድሮው ሥራችን የጭነት ፉርጎ ላይ ይሁን ብዬ ድርቅ አልኩ። ሎኮሞቲቭን ሁሉም ሰው ያያል። ፉርጎን ለመውደድ ግን ጎኑን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቼ እንዲለምዱት የፈለግሁት ይህን ማንበብ ነው።

ዒላማችንን ጠበብ አደረግነው። ሊዮኔል በ1900 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተ የአሜሪካ መጫወቻ ባቡር አምራች ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው በ1953 ዛሬ ሰብሳቢዎች በቁጥሩ 6464 እያሉ የሚጠሩትን የዝግ ፉርጎ ተከታታይ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አራት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የአንድ እውነተኛ የአሜሪካ ባቡር ድርጅት ስም ይዘዋል፦ ብርማው የዌስተርን ፓሲፊክ፣ ብርቱካናማው የግሬት ኖርዘርን፣ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ያለው የሚኒያፖሊስና ሴንት ሉዊስ፣ አረንጓዴው የሮክ አይላንድ። እነዚህን አራቱን እናገኛለን ብለን ተነሳን።

ከፍለጋው በፊት ልኬት ተማርን። ኤችኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፣ የሐዲዱ ስፋትም 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያንሳል፣ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ሊዮኔል የሚሄድበት የኦ ሐዲድ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህን ያላወቀ ሰው በፎቶ ብቻ ተማርኮ ሐዲዱ ላይ የማይቆም ፉርጎ ይገዛል።

ከዚያ ወደ ንባቡ ገባን። በአሜሪካ ፉርጎዎች ጎን ላይ ከሁለት እስከ አራት የሚደርሱ ፊደላት አሉ፤ ባለቤቱን ይናገራሉ። መጨረሻቸው ኤክስ ከሆነ ፉርጎው የባቡር ድርጅት ንብረት አይደለም ማለት ነው። ቦቴዎች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ባለቤቶቻቸው የነዳጅ፣ የኬሚካልና የኪራይ ኩባንያዎች ናቸውና። ከፊደላቱ ሥር የባዶ ክብደቱ፣ የሚችለው ጭነትና የተሠራበት ወርና ዓመት ይጻፋል። ጥሩ ሞዴል ይህን ሁሉ በአጉሊ መነጽር በሚነበብ ፊደል ይዞት ይመጣል።

የአውሮፓ ፉርጎዎች ደግሞ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር አላቸው። የመጨረሻዋ አኃዝ የሌሎቹ 11 መቆጣጠሪያ ናት። አኃዞቹን ከግራ ጀምሮ በ2፣ በ1፣ በ2፣ በ1 እያፈራረቁ ማባዛት ነው። ብዜቱ ባለ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን አኃዞች ለየብቻ ቆጥሮ ሁሉንም መደመር። ድምሩን ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር የሚያደርሰው ቁጥር 12ኛዋ አኃዝ ነው። ሒሳብ አልወድም የሚሉ ልጆች የክበቡን ፉርጎዎች አንድ በአንድ አውርደው ሲፈትሹ ዋሉ። እኔም ዝም ብዬ አየኋቸው።

ፍለጋው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው ዘዴ ሻጩ እቃውን ምን ብሎ እንደሚጠራው መገመት ነው። የሚያውቅ ሻጭ ቁጥሩን ይጽፋል። ከአያቱ ሣጥን ውስጥ ያገኘው ሰው ግን «አሮጌ የባቡር መጫወቻ» ብሎ ያልፈዋል፤ ስሙንም አሳስቶ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ በቁጥሩም፣ በቀለሙም፣ በተሳሳተ አጻጻፍም ፈለግን። ደብዳቤ የሚጽፉ ልጆች ተመደቡ። «የፉርጎውን ሆድ ፎቶ ሊያነሱልን ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ ከየደብዳቤው አይቀርም ነበር። ሻጭ ሁሌም የሚያሳየው ጎኑን ነው። የጎማው ዓይነት፣ የማያያዣው አሠራር፣ የተለወጠ ብሎን ሁሉ ያለው ግን ከሥር ነው።

ሞዴሎች ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ብርቱካናማ ግሬት ኖርዘርን አገኘን። ቀለሙ ንጹሕ፣ ጽሑፉ ሙሉ። ገንዘብ ያዡ ቦርሳውን ሊከፍት ምንም አልቀረው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን በሻጩ ፈቃድ የአልትራቫዮሌት ባትሪዋን አበራችበት። አሮጌና አዲስ ቀለም በዚህ ብርሃን ሥር አንድ ዓይነት ላይመስሉ ይችላሉ። «ቲቸር፣ በሩ ብቻ ለብቻው ያበራል» አለችኝ። እውነትም አካሉ ጭልም ብሎ ሳለ በሩ ፈክቶ ይታያል። በሩ ከሌላ ፉርጎ የመጣ ወይም እንደገና የተቀባ ነው ማለት ነው። የእነዚህ ፉርጎዎች በር ስለሚወልቅ መለዋወጡ የተለመደ ነው። ሻጩም አላወቀም ነበር፤ ልጅቷን አመስግኖ ማስታወሻ ለጠፈበት። እኛ አልወሰድነውም። የራሱ በር ያለውን ያገኘነው ከወራት በኋላ ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ ተላልጧል፣ ግን ሁሉም ነገሩ የራሱ ነው። እኔ ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ ያከራከራቸው ግን የ1957ቱ ሮዝ ባቡር ነው። ሊዮኔል ለሴት ልጆች ብሎ ሎኮሞቲቩን ሮዝ፣ ፉርጎዎቹን ፈዘዝ ባሉ ቀለሞች ሠራ። ገበያው ላይ ወደቀ። የክበባችን ሴት ልጆች «ማን ጠየቃቸው?» አሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ባቡር የሚወድ ልጅ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ እውነተኛውን የሚመስል ባቡር ነው የሚፈልገው። ያኔ ጥቂት ሰው ስለገዛው ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። በዚያው ልክ ተራ ፉርጎን ቀብተው የሮዙ ባቡር ነው የሚሉ አሉ፤ ኩባንያውም በኋላ ደግሞ አምርቶታል። ስለዚህ የሚያምር ቀለም ሲያዩ ልጆቻችን መጀመሪያ ፊደሉን በጣታቸው ይዳስሳሉ። በሙቀት የታተመ ፊደል ፕላስቲኩን ትንሽ ሰርጎድ ያደርገዋል። በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለሙ በወንፊት ጨርቅ አልፎ የታተመው፣ ከላዩ ላይ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ፉርጎ የቱ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ ሞዴሎች ላይ ያሉ ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ክፍሎች፣ ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ገብቶ ከሆነ፣ ከውስጥ እየተሰነጠቁ ይፈርሳሉ። እርጥበት ያባብሰዋል፤ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እብጠትና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንዳለ እንፈትሻለን። ፉርጎዎቻችን የሚቀመጡት ደረቅ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ ከማያገኛቸው ቦታ ነው። የካርቶን ሣጥናቸውን አንጥልም፤ ጫፉ ላይ ያለው ቁጥር ከፉርጎው ጋር ሲገጥም ለሰብሳቢ ትልቅ ዋጋ አለው።

ዓመቱ ሲያልቅ ከአራቱ ሦስቱ መደርደሪያችን ላይ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከየት እንደመጡ፣ ምናቸው እንደተለወጠ፣ ማን እንዳገኛቸው የሚናገር ካርድ ልጆቹ በእጃቸው ጽፈውላቸዋል። የቀረን አረንጓዴው የሮክ አይላንድ ነው። አንድ ሁለት ታይተው ነበር፤ አንዱ ጣሪያው የተሰነጠቀ፣ ሌላው እንደገና የተቀባ። ክረምቱን ደብዳቤ የሚጽፉት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ የሆዱ ፎቶ ካልመጣ መልስ እንዳይሰጡ ተነግሯቸዋል።