ትራክተሩን ከኋላው ጀምረሽ እዪው

አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? የቆቦ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። አጥር ለማጠር ትራክተር ልትገዢ ነው ስላት በጣም ሳቀች፤ ቆይታ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የሁለቱን ትራክተሮች ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። በስልክ "የትኛው ይሻላል?" ስትዪኝ ዝም ያልኩት በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። ገንዘቡም ያንቺ ብቻ አይደለም፣ አብራችሁ ለሰው አጥር የምታጥሩበት የማኅበራችሁ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ጓደኞችሽም ያንብቡት።

ደላላው ፎቶውን ሁሉ ያነሳው ከፊት ለፊት ነው። ኮፈኑ፣ መብራቱ፣ አዲሱ ቀለም ይታያል። ከኋላ አንድም ፎቶ የለም። ለአጥር ሥራ ግን ትራክተር የሚገዛው ለኋላው ነው።

ለእርሻ የሚገዛ ሰው ሞተሩንና ጎማውን ቢያስቀድም ልክ ነው። ትራክተሩ ቀኑን ሙሉ እየሄደ ይጎትታል። ያንቺ ግን ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ነው የሚውለው። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከኋላው የተገጠመውን የጉድጓድ መሰርሰሪያ ያወርዳል፣ ይቆፍራል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። እስቲ አስቢው፦ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ አንድ ሄክታር ዙሪያው 400 ሜትር ነው። ቋሚውን በየ2 ሜትር ተኩል ብታደርጊው 160 ጉድጓድ ይወጣዋል። 160 ጊዜ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ሊፍቱን፣ ከኋላ ዕቃ የሚያነሳውን ክንድ፣ 160 ጊዜ ማውረድና ማንሳት ማለት ነው። ያውም ከታች ያለው አፈር ሲጠነክር ለአንድ ጉድጓድ ደጋግመሽ ታነሻለሽ። እዚህ ሥራ ላይ ቀድሞ የሚደክመው ሞተሩ አይደለም። ፍሪሲዮኑ፣ ሊፍቱን የሚያነሳው ሃይድሮሊክና ፒቲኦው ናቸው፤ ፒቲኦ የሚባለው ከኋላ ወጥቶ መሰርሰሪያውን የሚያዞረው ዘንግ ነው።

ስለ ፈረስ ጉልበት ብዙ አታስቢ። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን መሰርሰሪያ ለማዞር 45 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ደላላው "ይሄ 80 ነው" እያለ ዋጋ ሲቆልል እሺ ብለሽ ወደ ኋላ ዙሪ።

አሁን ወደ ሁለቱ ልምጣ። ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር አለው፣ ጉልበቱ 45 ገደማ ነው። ናፍታ አይፈጅም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይታጠፋል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም። እኔም ብዙ ነድቼዋለሁ፣ እወደዋለሁ። ግን አንድ ጠባይ አለው። የሊፍቱ ፖምፓ ኃይል የሚያገኘው እንደ ፒቲኦው በፍሪሲዮኑ በኩል ነው። በዚያ ላይ ይህ ሞዴል በሁለት ዓይነት ፍሪሲዮን ተሠርቷል። ባለ ሁለት ደረጃው ፔዳሉን እስከ ግማሽ ስትረግጪው ጎማውን ብቻ ያቆማል፣ መሰርሰሪያውና ሊፍቱ ይሠራሉ። እስከ ታች ስትረግጪው ሁሉም ይቆማል። ባለ አንድ ደረጃው ግን ገና ስትረግጪው ሊፍቱም አብሮ ይሞታል። ጉድጓድ ላይ እንዲህ ያለው ያናድዳል። ስለዚህ ሻጩን ሳትጠይቂ ራስሽ ሞክሪው። ማርሽ አስገቢና ፔዳሉን በግማሽ ያዢ፤ ትራክተሩ ቆሞ ሊፍቱ ከተነሳ ባለ ሁለቱ ነው። ካልተነሳ እለፊው።

ሌላው ደግሞ ማሲው ያነሳል እንጂ ወደ ታች አይጫንም። መሰርሰሪያው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ለስላሳ አፈር ላይ ችግር የለውም። የደረቀ ዋልካ ላይ ግን እላዩ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይገባም።

ሰማያዊው ኤምቲዜድ 80 ነው፤ ሰዉ የሩሲያ ይለዋል እንጂ የሚሠራው ሚንስክ፣ ቤላሩስ ውስጥ ነው። አራት ሲሊንደር፣ 80 ፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም ከማሲው እጥፍ በላይ ነው። መልኩ አያምርም። ጓደኞችሽ ሊስቁ ይችላሉ። ግን ሃይድሮሊኩ ወደ ታችም ይጫናል። ፒቲኦውም ከጉዞው ፍሪሲዮን ነፃ ስለሆነ ትራክተሩ ቆመም ሄደም መሰርሰሪያው ይዞራል። እኔን ብትጠይቂኝ ወደዚህ አደላለሁ። ምክንያቴ አጥሩ ብቻ አይደለም። ክረምት አጥር አይታጠርም፤ በእርሻ ወቅት ለሰው እያረሰ የማኅበሩን የገንዘብ ችግር የሚያስታግሰው ይሄኛው ነው። ቋሚና ሲሚንቶ የጫነ ተጎታች ሲጎትትም ክብደቱ ይጠቅመዋል።

እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ፒቲኦውን የሚይዙና የሚያቆሙ ቀበቶዎች ውስጡ አሉ። ሲያልቁ ወይ መሰርሰሪያው ሲጨናነቅ ይንሸራተታል፣ ወይ አጥፍተሽው መዞሩን አያቆምም። ይሄ በአብዛኛው በማስተካከል የሚድን ስለሆነ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጊው እንጂ አትሽሺው። ከኋላ የወጣውን ዘንግ ጥርስ ቁጠሪ። በገበያ ያለው መሰርሰሪያ ባለ 6 ጥርስ ዘንግ ይፈልጋል፤ የድሮዎቹ ኤምቲዜዶች ባለ 8 ይሆናሉ። 8 ከሆነ ማገናኛ መግዛት ሊኖርብሽ ነው። ሌላም አለ፤ ፒቲኦው በደቂቃ 540 እና 1000 የሚዞርበት ሁለት ፍጥነት አለው። መሰርሰሪያ የ540 ዕቃ ነው። 1000 ላይ ረስተሽ ብታስነሺው የመሰርሰሪያውን ማርሽ ሊፈረካክሰው ይችላል። አንዳንዱ አሮጌ ደግሞ በባትሪ ሳይሆን በትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው የሚነሳው። እንዲያ ከሆነ ተይው፤ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር የሚታገል ሰው የላችሁም።

ልታዪ ስትሄጂ ለሻጩ "እስክመጣ እንዳታስነሳው" በዪው። ስትደርሺ ሞተሩን በእጅሽ ንኪው። ሞቆ ከጠበቀሽ ጠዋት ተቸግረው አስነስተውት ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ሲነሳ ጭሱን እዪ። ጥቁሩ ጋዝ ሲሰጠው መጥቶ የሚጠፋ ከሆነ አያስጨንቅም፤ ሰማያዊው ግን ዘይት እየበላ ነው፣ እሱ ውድ በሽታ ነው። የዘይቱን ክዳን ክፈቺና ጭስ ሲገፋ እንደሆነ ተመልከቺ። የጊርና የሃይድሮሊኩን ዘይት በመለኪያ ዱላው አውጥተሽ እዪ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሰዓት ቆጣሪው የሚለውን አትመኚ። የፔዳሉ ጎማ፣ መሪውና መቀመጫው ምን ያህል እንዳለቁ ይነግሩሻል።

ትልቁን ጊዜሽን ግን ከኋላ አሳልፊ። ማረሻ ካላቸው አስጭኛቸውና ሊፍቱን እስከ ላይ አስነሺ። ከዚያ ሞተሩን አጥፊና ሻይ ጠጪ። ማንም ማረሻው ስር አይቁም። ተመልሰሽ ስታዪው ጥቂት ወርዶ ከሆነ የአሮጌ ወግ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ ካገኘሽው ግን ውስጡ ያፈሳል፤ በጉድጓድ ሥራ ላይ በየቀኑ ያሰቃይሻል። ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ደጋግመሽ አስነሺው፤ ጠዋት ጎበዝ ሆኖ ሲሞቅ የሚሰንፍ ሊፍት ብዙ ነው። ፒቲኦውን አስገብተሽ ድምፁን አዳምጪ፤ ዘንጉ ጋ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ፣ ፓራኦሊዮው፣ ማፍሰሱን ግን ሞተሩ ሲጠፋ ተጠግተሽ እዪ። የሊፍቱን ክንዶች ይዘሽ ወደ ጎን ነቅንቂ። ጫፋቸው ከላላ መሰርሰሪያው ይወላገዳል፣ ጉድጓዱም ይጣመማል፤ ከዚያ ቋሚውን ለማቅናት በዲጅኖ ስትታገሉ ትውላላችሁ።

ጎማው ከጎኑ በፀሐይ የተሰነጠቀ መሆኑን እዪ፤ የኋላ ጎማ ውድ ነው። ፊት ለፊት ክብደት የሚንጠለጠልበት ብረት ካለው እሰዬው። መሰርሰሪያ ከኋላ ሲንጠለጠል ፊቱ ይቀላል፤ ትንሹ ማሲ ላይማ መሪው አልታዘዝ ይላል። ፊቱ ላይ ማንሻ ሎደር የተገጠመለት ከመጣልሽ አትጓጊ። የፊት አክሱ ስንት ድንጋይ እንደተሸከመ አታውቂም፣ የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ፒን፣ ፔርኖው፣ ብዙ ጊዜ አልቆ ነው የሚገኘው።

ወረቀቱ ላይ አትዘናጊ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ራስሽ አስተያዪ። ቁጥሩ ያለበት ቦታ አዲስ ቀለም ከተቀባ አስፍቂው። በባንክ ዕዳ የተያዘ እንዳይሆን ይጣራ። ያለ ቀረጥ ገብቶ ከሆነም ሲሸጥ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላልና በቅድሚያ ይታወቅ። ከጦርነቱ ወዲህ "ወረቀቱ ጠፋብኝ" የሚል ሻጭ ወሎ ውስጥ አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን የሰው ንብረትም ሊሆን ይችላል። ያለ ወረቀት በነፃም ቢሰጡሽ አትቀበዪ።

ስለ መሬቱ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ፤ ግን እንዳትረሺው ያህል ነው። የቆቦ ሜዳ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይጣበቃል። ሲረጥብ አብጦ፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ አጭር የተቀበረ ቋሚን ወደ ላይ ይተፋዋል። ስለዚህ መሐሉን 60 ሳንቲሜትር፣ ማዕዘኑን እስከ 1 ሜትር ውረዱ፣ ማዕዘኑ ላይ ድጋፍ ይኑረው። የሚመቸው ወር ጥቅምት ነው፤ ግን ያኔ ማሽላው አልተነሳም፣ ባለ ማሳው ትራክተር አያስገባም። ስለዚህ በጥቅምት የማንጎና የፓፓያ አትክልት ቦታ ያላቸውን ያዙ፤ የእህሉን ማሳ ለኅዳርና ታኅሣሥ አቆዩ። ደርቆ ካገኛችሁት ጉድጓዱን ጀምራችሁ ውኃ አፍሱበትና በነጋታው ተመለሱ። ሆርማትና ጎሊና ጎርፍ ያመጡት ድንጋይ ካለበት ደግሞ መሰርሰሪያውን አታስገድዱት። እዚያ ዶማና የሰው ጉልበት ነው የሚያዋጣው፤ ዋጋውንም ለይታችሁ ተዋዋሉ።

አሁን ደግሞ ተቆጥቼ የምጽፈው ነው። መሰርሰሪያው አልገባ ሲል ልጆቹ እላዩ ላይ ቆመው በክብደታቸው ሲጫኑት አይቻለሁ። ማኅበራችሁ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ካለ በዚያው ቀን ከሥራ ይውጣ። የሚዞረው ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ልባሱ ይኑር። ሻጩ "እሱ አያስፈልግም" ካለሽ ገዝተሽ አልብሺው። ሻርፕሽን ጃኬትሽ ውስጥ አስገቢ፣ ልብስሽ አይንዘላዘል። ዘንጉ የልብስ ጫፍ ከያዘ ሞተር እስኪጠፋ አይጠብቅም። መሰርሰሪያው ሲጨናነቅ እንዲሰበር ታስቦ የተገባ አንድ ቡሎን አለ። ሲሰበር ተመሳሳዩን ተኩ። "ጠንካራ እናስገባበት" የሚል መካኒክ አይጠፋም፤ ያኔ የሚሰበረው ቡሎኑ ሳይሆን ማርሹ ነው፣ ወይ ሰው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ከቀረ ሞተሩን አጥፉና በቱቦ ቁልፍ ወደ ኋላ በእጅ አዙራችሁ አውጡት። እንዳይቀረቀር ደግሞ ጥቂት ቆፍሮ ማንሳት፣ አፈሩን ማራገፍ፣ ደግሞ መውረድ ነው። እሾሃማ ሽቦን በትራክተር አትወጥሩ፤ የተበጠሰ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አትጓጊ። በእጅ መወጠሪያ ይበቃል።

ለቋሚው ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ ብቻ አትግቡ፤ ቆላው ምስጥ አለበት። ባለ ንብረቱ ገንዘብ ካለው ብረት ወይም ሲሚንቶ ቋሚ ምከሩት።

አብሽሪ፣ ብዙ ጻፍኩ እንጂ ነገሩ አያስፈራም። ሰማያዊውን ለማየት ስትሄጂ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደላላው ያመጣላችሁን አይደለም። ሊፍቱ ተነስቶ ሞተሩ እንደጠፋ ፎቶ አንሺልኝ፤ ሻይ ጠጥተሽ ስትመለሺ ሁለተኛ አንሺና ላኪልኝ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ደውዪልኝ። ስልኬ ካልተነሳ በእናትሽ ሞክሪ፤ ኢንሻአላህ እኔም አውቶቡስ ይዤ መምጣት እችላለሁ።

አባትሽ
ከመርሳ