ያቺ ሴት ውሃ ቀጂ አይደለችም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ድሮው የአራዳ ገበያ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ፎቶው ግሩም ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ሜዳ ሰው በሰው ሆኗል። ጸሐፊያችሁ የመኳንንቱን ጃንጥላ ቆጥሯል፣ በቅሎዎቹን ከነኮርቻቸው ዘርዝሯል፣ በአሞሌ ጨው ለሚገበያዩት ሰዎች አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቷል። በግራ በኩል ጥግ ላይ ያለችውን ሴት ግን በሦስት ቃል ዘጋት፦ «ውሃ የምትቀዳ ገረድ»።

ገረድ ያሰኛት ምኗ ነው? ሸክም መሸከሟ? ውሃም እየቀዳች አይደለም።

እባካችሁ ፎቶውን መልሳችሁ እዩት። ጀርባዋ ላይ ያለው እንስራ አፉ ወደ ታች ተደፍቷል። ውሃ ያለበትን እንስራ ማን ይደፋዋል? ከላዩ ሁለት ድስት ታስሯል፣ ከጎኑ ደግሞ የጀበና አንገት ብቅ ብሏል። ወንዝ ሲወረድ ጀበና ተይዞ አይወረድም። ውሃ ቀጂ አንድ እንስራ ታዝላለች፤ እንዳይፈስባት አፉን በቅጠል ትወትፈዋለች። ሸክላው ስለሚረጥብም ጠቆር ይላል። የዚህች ሴት ዕቃ ግን ደረቅ ነው፣ ጥላሸትም አልነካውም። እንዳይጋጭ መሀል መሀሉ ሣር ተደርጎበታል። አዲስ ዕቃ ነው፤ ለሽያጭ የሚወርድ። ሴትየዋ ሸክላ ሠሪ ናት።

ይህን ያወቅሁት ተመራምሬ አይደለም። የሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ የቀጨኔ ልጅ ነኝ። አያቴ ሸክሟን ስታስር አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ዕቃ በጣቷ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ሣር ውስጥ ይገባል። ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ምንም ሳትናገር ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች። የስንት ቀን ልፋት! እናቷ አራዳ ድረስ ተሸክማ ትሸጥ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወር ሸክላውም አብሮ ወደ መርካቶ ወረደ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች ብላችሁ ጀመራችሁ። ጥሩ። ያ ሁሉ ሰው እንጀራውን የጋገረው በምን ምጣድ ነው? ጠላው የተጠመቀበትን ጋን ማን ሠራው? ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን እናቴ ምን እንደምትሠራ ክፍል ውስጥ ጠየቀኝ። ሸክላ ትሠራለች አልኩ። በማግስቱ ዴስኬ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ቡዳ ነው ተባለ። ምኒልክ እኮ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው! እናንተ አልተሳደባችሁም፣ ልክ ነው። ግን እጇ የሠራውን ዕቃ ጀርባዋ ላይ እያያችሁ የሌላ ሰው አገልጋይ አደረጋችኋት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማረሚያ አውጡ፤ ከፎቶው ሥርም «ሸክላ ሠሪ ወደ ገበያ ስትሄድ» ብላችሁ ጻፉ። ቦታ ጠበበን እንዳትሉኝ። ለአንድ መኮንን ጃንጥላ አራት መስመር አግኝታችኋል።

አንባቢያችሁ፣ ከቀጨኔ