የታክሲው መስኮት ይከፈት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን የሚያስለው ሰው በዝቷል። መስኮት ስከፍት ግን ከኋላ «ኧረ ዝጊው፣ ብርድ ገባ!» ይሉኛል። ኮቪድ የለም ብለን ነው መሰለኝ።

ቫይረሱ ሰውነታችን ውስጥ ሲባዛ ራሱን በትክክል አይገለብጥም፣ ይሳሳታል። አዳዲሶቹ ዝርያዎች የሚመጡት ከዚያ ስህተት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስሙን የሰማነው ኦሚክሮን እሾህ መሳዩ ፕሮቲኑ (የሰውነታችን መከላከያ ቫይረሱን የሚለይበት ክፍል) ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት። ስለዚህ ቀድሞ የታመመውንም፣ የተከተበውንም ያዘ። (ክትባቱ ብዙዎችን ከጽኑ ሕመም ማዳኑ ግን አይረሳ።)

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ይዤባት እንዳልገባ እሰጋለሁ። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ እባካችሁ ሁለት መስኮት እንኳ ገርበብ አድርጉልን። የሚያስለንም ማስክ እናድርግ።

አንዲት ተሳፋሪ፣ ከአራት ኪሎ