ስለ ግድቡ ዙር ጉዞሽ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን የመንገድ ንድፍ ትናንት ማታ ከካርታው ጋር እያስተያየሁ ከመነሻው እስከ መድረሻው በዝግታ ተከተልኩት። ከከተማው የብስክሌትና የእግር መንገዶች ተነሥተሽ፣ ወንዙን ይዘሽ ወደ ግድቡ ወጥተሽ፣ ሰው ሠራሹን ሐይቅ ዞረሽ በሌላ በኩል ለመመለስ ማሰብሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን በንድፉ ግርጌ «70 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 20፣ ሦስት ሰዓት ተኩል» ብለሽ ያሰፈርሽው ስሌት አሳስቦኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በእርሱ ምክንያት ነው።

ዳገት የወሰደብሽን ጊዜ ቁልቁለቱ አይመልስልሽም። 10 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 10 ብትወጪና ያንኑ ያህል ቁልቁለት በሰዓት 40 ብትወርጂ፣ ሲታሰብ አማካዩ 25 ይመስላል፤ ነገር ግን ስትወጪ 60 ደቂቃ፣ ስትወርጂ 15 ደቂቃ ስለሚፈጅብሽ 20 ኪሎ ሜትሩን የምትጨርሺው በ75 ደቂቃ ነው፣ ይህም በሰዓት 16 ማለት ነው። ስለዚህ ንድፍሽ ላይ ከርቀቱ ጎን በጠቅላላው ስንት ሜትር ከፍታ እንደምትወጪ ጻፊበት።

እስከ ግድቡ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያን ያህል አያስፈራም። የወንዝ ዳር መንገድ ቀስ ብሎ ስለሚነሣ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብትይ እግርሽ ብዙም አይሰማውም። የመጀመሪያዎቹን 8 ኪሎ ሜትሮች ግን ከእግረኞችና ከሕፃናት ጋር ስለምትጋሪያቸው በሰዓት 15 አስቢያቸው፤ እዚያ ላይ ጊዜ ለማትረፍ መሞከር ተገቢ አይደለም። ከግድቡ ሥር ስትደርሺ ነገሩ ይለወጣል፤ ግድቡ ውሃውን ያቆመበትን ከፍታ መንገዱ በአጭር ርቀት መውጣት አለበትና። በካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት የከፍታ መስመሮች እዚያ ተጠጋግተው አይተሻል፦ በአንድ ኪሎ ሜትር 80 ሜትር፣ ማለትም 8 በመቶ ዳገት ነው። ቀላሉን ማርሽ ዳገቱ ከመጀመሩ አስቀድመሽ አስገቢ፤ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየረገጡ ማርሽ መቀየር ሰንሰለቱን ያንገጫግጨዋል፣ አንዳንዴም ያወልቀዋል።

ከሁሉም ይልቅ ደጋግመሽ እንድታስቢበት የምፈልገው የሐይቁን ዳርቻ ነው። ውሃው በካርታ ላይ ለጥ ብሎ ስለሚታይ ዳርቻውም ሜዳ ይመስላል፤ አንቺም ያንን ክፍል «ማረፊያ» ብለሽዋል። ግድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሸለቆ በሚጠብበት ስፍራ ነው፤ ውሃው ወደ ኋላ ሲተኛ ዋናውን ሸለቆ ብቻ ሳይሆን የገባር ወንዞቹንም ሸለቆዎች ይሞላል። በካርታው ላይ እንደ ጣት ወደ የብሱ የሚዘልቁት ቀጫጭን የውሃ ክንዶች እነዚያ የሰጠሙ ሸለቆዎች ናቸው። መንገዱ በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ወርዶ ጅረቱን ይሻገርና ቀጥሎ ያለውን ተረተር ይወጣል፣ እንደገናም ይወርዳል። በንድፍሽ ላይ ስምንት ክንዶች ቆጥሬአለሁ፤ በእያንዳንዱ 35 ሜትር ብትወጪ እንኳ 280 ሜትር ይሆናል፣ ይህም ከግድቡ ዳገት ሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ የሚመጣውም ከደከምሽ በኋላ ነው።

ይህን ያወቅሁት በችግር ነው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ይህን የመሰለ ዙር ኪሎ ሜትሩን ብቻ ቆጥሬ ወጣሁ። ከግድቡ ማዶ ሳለሁ ውሃዬ አለቀ፤ ሐይቁ አጠገቤ ነበር፣ ነገር ግን ለከተማ መጠጥ የተጠራቀመ ስለሆነ ዳርቻው ታጥሮ ነበር፣ ባይታጠርም ያልተጣራ ውሃ መጠጣት አይገባኝም ነበር። ቤት የደረስኩት ጨልሞ፣ መብራት በሌለው ብስክሌት ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ የጠበቀችበት ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እንደ እኔ ግምት መቆሚያዎችሽን ጨምሮ አምስት ሰዓት ያስፈልግሻል። በየሰዓቱ 600 ሚሊ ሊትር ብትጠጪ 3 ሊትር ይሆናል፤ ሁለቱ መያዣዎችሽ እያንዳንዳቸው 750 ስለሚይዙ ግማሹን ብቻ ነው የምትሸከሚው። የቀረውን ከየት እንደምትሞዪ ከመነሣትሽ በፊት ወስነሽ ካርታው ላይ ምልክት አድርጊበት። የግድቡ አናትም በአንዳንድ ስፍራ ለሕዝብ ዝግ ስለሚሆን፣ ማለፍ መቻልሽን አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ ዙርሽ በሙሉ በዚያች አንዲት መተላለፊያ ላይ ተንጠልጥሏልና።

የሐይቁን ዙር ወደ ግራ ነድፈሽዋል፤ ብትገለብጪው እመርጣለሁ። ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ በሚሄድበት አገር ሐይቅን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ቀኝ፣ የሚዞር ሰው ውሃው ሁልጊዜ በቀኙ ይሆናል፤ አብዛኞቹ መታጠፊያዎቹም ወደ ቀኝ ስለሆኑ የመኪናውን መስመር ማቋረጥ አይኖርበትም፣ መጋቢ መንገዶችም የሚመጡት ከማዶው ወገን ነው። (ግራ ይዞ በሚነዳበት አገር ነገሩ ይገለበጣል።) ነፋሱንም በዚሁ አብረሽ ተመልከቺ፤ ገና ትኩስ ሳለሽ ፊት ለፊት ብትገጥሚውና ሲደክምሽ ከኋላ ቢገፋሽ ይሻላል። በሰዓት 20 እየሄድሽ 15 የሚሆን ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣብሽ አየሩ የሚመታሽ በ35 ነው፤ የአየር ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር መቋቋሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። በግድቡ አናት ላይ ከለላ ስለሌለ ከጎን የሚመጣ ነፋስ ብስክሌቱን ሊገፋው ይችላል፤ መሪውን በሁለት እጅሽ ያዢ።

በቁልቁለቶቹ ላይ ፍሬን የምትይዢው ከመታጠፊያው በፊት ይሁን፤ ከሰውነትሽ ዘንበል ማለት ጋር ፍሬን መያዝ ጎማውን ሊያንሸራትት ይችላል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና የፊትና የኋላ መብራት ቀን ቢሆንም ይዘሽ ውጪ።

የምለምንሽ ይህን ነው፦ ከተነሣሽ በሁለት ሰዓት ከሩብ ውስጥ ግድቡ ላይ ካልደረስሽ፣ ሐይቁን መዞሩን ትተሽ በመጣሽበት የወንዝ ዳር መንገድ ተመለሺ። ይህን ውሳኔ አሁን ቤት ሆነሽ ወስነሽ ንድፍሽ ላይ ጻፊው፤ እዚያ ላይ ውሃው ሲያብለጨልጭ እያየሽ መወሰን ይከብድሻል። አዲሱን ንድፍ የውሃ መሙያዎቹንና የመመለሻ ሰዓቱን ጨምረሽበት እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ ስልኬ ላይ አስቀምጬ አብሬሽ እከተልሻለሁ።

አባትሽ