የጀልባ ፍጥነት መለኪያ ሲቆም መጀመሪያ ቀዳዳው ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጣና ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው በማመላለስ ሥራ የምተዳደር የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ክረምቱ አልፎ ወደ ገዳማቱ የሚደረገው ጉዞ በሚደራበት ወቅት በየዓመቱ የማየው፣ በብዙ የሙያ ባልደረቦቼም ዘንድ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አንድ ብልሽት አለ፤ እርሱም የጀልባው ፍጥነት መለኪያ መርፌ ከዜሮ አልነሣ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ባለ ጀልባ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ምን ቸገረኝ ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይመረምር መለኪያውን ነቅሎ አዲስ ይገዛል። ሁለቱም መንገድ ትክክል አለመሆኑን በራሴ ገንዘብ ስለተማርኩት፣ ሌላው እንዳይደርስበት በዓምዳችሁ በኩል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የእኔ መለኪያ የቆመው ጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ከምሥራቁ ዳርቻ ስመለስ ነበር። ያማከርኩት ዕቃ ሻጭ ጀልባዬን እንኳ ሳያይ መለኪያው እንደተቃጠለ ነገረኝ። አምኜው አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ፤ አዲሱም መርፌ እንደ አሮጌው ተኝቶ ቀረ። በመጨረሻ ሞተሩን ከውኃው አንሥቼ የታችኛውን ክፍሉን በእጄ ስዳስስ፣ በፊት ለፊት ጠርዙ ላይ ያለችው ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ቀዳዳ በደረቀ ደለልና በእምቦጭ ሥር ተደፍና አገኘኋት። አሮጌው መለኪያ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም።

ይህች ቀዳዳ ምን እንደምትሠራ ያልተረዳ ሰው ብልሽቱን ሁልጊዜ በተሳሳተ ቦታ መፈለጉ አይቀርም። በአብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ያለው መለኪያ ከኮረንቲ ጋር ግንኙነት የለውም። ጀልባው ወደ ፊት ሲሄድ ውኃው ወደ ቀዳዳዋ ይገፋል፤ ግፊቱ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አልፎ እስከ ዳሽቦርዱ ይደርሳል፤ መርፌውን የሚያነሣውም ይኸው ግፊት ነው። ዘዴውን ፈረንሳዊው ሄንሪ ፒቶ በ1732 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሴን ወንዝን ፍሰት ለመለካት የተጠቀመበት ሲሆን፣ መሣሪያው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጀልባው በዝግታ ሲሄድ መርፌውን የሚያነሣ በቂ ኃይል አይገኝም። ስለዚህ ከወደቡ በቀስታ ስንወጣ መርፌው ዜሮ ላይ መቆየቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ መመርመር ያለበት ጀልባው ፍጥነት ከያዘ በኋላም አልነሣ ካለ ነው።

ምርመራው ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ይሻላል። ሞተሩ ጠፍቶና ቁልፉ ተነቅሎ ከውኃው ከተነሣ በኋላ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ቀስ ብሎ መጥረግ ይቻላል፤ በወፍራም ሚስማር መጎርጎር ግን ቀዳዳዋን ስለሚያሰፋ ልኬቱን ያዛባል። በአንዳንድ ጀልባዎች ላይ ቀዳዳዋ በሞተሩ ላይ ሳይሆን ከጀልባው ኋላ በተሰቀለ ትንሽ ክንድ ላይ ትገኛለች፤ ይህ ክንድ ግንድ ወይም ድንጋይ ሲመታው ወደ ላይ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ታጥፎ ከውኃው ወጥቶ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ቀጥሎ ቱቦው ከመለኪያው ጀርባ ይነቀልና ከዳሽቦርዱ በኩል አየር ይነፋበታል፤ ቆሻሻው በገባበት በር ይወጣል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ቱቦው ከመለኪያው ሳይለይ አየር በፍጹም አይነፋ። ጀልባ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቀዳዳዋ ላይ የሚያርፈው ግፊት የመኪና ጎማ ከሚነፋበት ግፊት ሩብ ያህል ብቻ ነው። መለኪያው የተሠራው ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ግፊት ስለሆነ፣ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየር በቀጥታ ከገባበት በውስጡ ያለው ስስ ብረት ተበላሽቶ ዳግመኛ አይመለስም። በዚህ ምክንያት ጤነኛ መለኪያቸውን በገዛ እጃቸው የገደሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዕቃው ከሩቅ የሚመጣና ውድ ነው። መለኪያውን ለመፈተን ንጹሕ አጭር ቱቦ ቀጥሎ በአፍ ቀስ ብሎ እፍ ማለት ይበቃል፤ መርፌው በጥቂቱም ቢሆን ከተንቀሳቀሰና ትንፋሹ ሲቆም ከተመለሰ መለኪያው ደኅና ነው። ቀዳዳዋም መለኪያውም ደኅና ሆነው መርፌው ግን ከትክክለኛው በታች የሚያነብ ከሆነ፣ ቱቦው ሞተሩ በሚዞርበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ወይም ታጥፎ እንደሆነ መታየት አለበት። በእኔ ልምድ ቱቦ ቶሎ የሚያረጀው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ከጀልባው ሥር በምትሽከረከር ትንሽ መንኮራኩር የሚሠራው ዓይነት ከዚህ ይለያል። በመንኮራኩሯ ላይ ማግኔት አለ፤ እያንዳንዱ ዙር በሽቦ ወደ ላይ ይቆጠራል። በጣት ስትዞር መለኪያው ቁጥር ካሳየ ችግሩ ያጠመዳት አረም ነበር ማለት ነው፤ ካላሳየ ፊውዙንና የዛጉትን የሽቦ መገናኛዎች በቴስተር መፈተሽ ነው።

ከጥገናው በኋላ ልኬቱን በስልክ ማመሳከር ይቻላል፤ የስልኩ ቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትወርክ በሌለበትም ፍጥነት ያሳያል። ስልኩ የሚለካው ከመሬት አንጻር፣ መለኪያው የሚለካው ከውኃው አንጻር ነው። ስለዚህ ፍተሻው ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ከጨረጨራ ርቆ፣ ውኃው በማይፈስበት ቦታ፣ አንድ ጊዜ ሲሄዱ አንድ ጊዜ ሲመለሱ ቢደረግ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ መለኪያዎች በማይል የተጻፉ መሆናቸውም አይዘንጋ፤ 20 የሚለው ቁጥር በኪሎ ሜትር 32 ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ይህን ሳያውቅ ለተሳፋሪ የመድረሻ ሰዓት ሲናገር ሰምቻለሁ።

ለአንዲት መርፌ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ወርሮታል። አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ጀልባው እየዘገየ ሲሄድ ሞተሩ ግን በጩኸቱ ላይ ይቆያል፤ በጆሮው ብቻ የሚነዳ ካፒቴን የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ ነዳጁ በከንቱ እየነደደ ነው። ጭነት ሲበዛም እንዲሁ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሳይቀየር የፍጥነቱ መርፌ ሲወርድ ያየ ግን ወዲያው አቁሞ ፕሮፔለሩን ያጸዳል። ከደቅ ደሴት ወይም ከጎርጎራ የሚመለስ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሣና ማዕበሉ ሳያይል ለመድረስ ይቸኩላል፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው ቢያውቅም በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ካላወቀ ሰዓቱን ሊያሰላ አይችልም። በጀልባው ውስጥ ያሉት አረጋውያን ምእመናንና እናቶች ዋና የማይችሉ መሆናቸውን ሳስብ፣ የቆመ መለኪያ ይዞ መውጣት ለእኔ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በወደቡ ያሉ የጀልባ ማኅበራት ከክረምት በኋላ በሚያደርጉት ፍተሻ ላይ፣ ከሕይወት አድን ጃኬቱና ከነዳጅ ቱቦው ጋር ይህችን ቀዳዳ ማጽዳትንም እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ዕቃ ሻጮችም ደንበኛቸው ቱቦውን ማጽዳቱንና መለኪያውን በትንፋሽ መሞከሩን ሳይጠይቁ አዲስ መለኪያ ባይሸጡለት መልካም ነው። መመርመር የሚፈልግ ባልደረባ ካለ እኔ ሽቦውንና አጭሩን ቱቦ ሁልጊዜ በጀልባዬ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይዤ ስለምሄድ፣ በወደቡ ላይ ሲያገኘኝ ያለ ክፍያ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጣና ጀልባ ነጂ
ከባሕር ዳር