የሊናቴ ሟቾች 114 አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አውሮፕላን ማረፊያዎች የምድር ላይ ደህንነት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2001 ጣሊያን ውስጥ በሚላኑ ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ስለደረሰው የሁለት አውሮፕላኖች ግጭት ስትጽፉ «114 ሰዎች አለቁ» ብላችኋል። በስካንዲኔቪያን አየር መንገዱ የመንገደኞች አውሮፕላን ኤምዲ 87 ውስጥ 110፣ በትንሿ ሴስና አውሮፕላን 4፤ እስከዚህ ልክ ናችሁ። ኤምዲ 87ቱ ተንሸራትቶ በተላተመበት የሻንጣ ማስተናገጃ ሕንፃ ውስጥ ሥራ ላይ የነበሩት አራት ሠራተኞችስ? ድምሩ 118 ነው። ቲኬት ስላልቆረጡ ይሆናል ከቁጥር የወጡት።

እኔ የአውሮፕላን ጎታች ተሽከርካሪ ሾፌር ነኝ። የምውለው ከሻንጣ ጫኞች ጋር ስለሆነ ነገሩን እንደ ተራ የመደመር ስህተት አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ዘገባችሁ ከዳር እስከ ዳር አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ የታክሲዌይ (አውሮፕላን ከማቆሚያው ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት መንገድ) ምልክቶችንም «የአብራሪው ዓይን» ብላችሁ አሞካሽታችኋል። እኛ ጨፍነን የምንነዳ ይመስላችኋል? በቀይ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈው ምልክት ካለ ፈቃድ አትለፍ የሚለው እኔንም ነው። በጥቁር መደብ ላይ በቢጫ የተጻፈው ያለህበትን፣ በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር የተጻፈው የምትታጠፍበትን እንደሚነግርህ ሳታውቅ ማንም ወደዚያ አያስገባህም።

በምሠራበት ቦታ አንዱን ምልክት ሣር ውጦት ነበር። አብራሪው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ያየዋል፤ እኔ ከታች ሆኜ የማየው ሣሩን ነው። ሳመለክት «አብራሪዎች ቅሬታ አላቀረቡም» ተባልኩ። የጠፋ መብራት ሳሳውቅ ደግሞ «አንተ መኪናህን ንዳ»። አብራሪ ሲናገር ሪፖርት ነው፣ ሾፌር ሲናገር ነገረኛ!

ሴስናዋ በጭጋግ ውስጥ አር 5 በሚባለው ታክሲዌይ ሂጂ ተብላ ኤምዲ 87ቱ ወደሚነሳበት ማኮብኮቢያ በሚያወጣው አር 6 መግባቷ እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። እናንተ ግን «አብራሪው ተሳሳተ» ብላችሁ እዚያው አቆማችሁ። የሊናቴ ምልክቶችና ቅቦች ጉድለት ነበረባቸው። መሬት ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን ለተቆጣጣሪው የሚያሳየው የምድር ራዳር አይሠራም ነበር። የሴስናዋ አብራሪ ኤስ 4 የሚል መሬት ላይ የተቀባ ምልክት ጋ እየደረሰ መሆኑን በሬዲዮ ሲናገር ተቆጣጣሪው ያ ምልክት የት እንዳለ አላወቀም፤ መሬት ላይ የተቀባው እሱ የያዘው ካርታ ላይ አልነበረም። እንግዲህ መሬት ላይ የተጻፈውንና ወረቀት ላይ ያለውን ማመሳከር ሲያስፈልግ፣ በየዕለቱ በላዩ ላይ ከሚነዳ ሰው በላይ ማን ይጠየቃል? ወይስ ለዚህም ክራቫት ማሰር ግድ ነው?

ቁጥሩን አርሙልን፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ። «የዘርፉን ባለሙያዎች አነጋግረናል» ለማለት ስትነሱም አንድ የሌሊት ፈረቃ ሾፌር ጨምሩ። እኛ ስብሰባ ላይ ነን አንልም።

ከአንድ የአውሮፕላን ጎታች ሾፌር